ሞተሩስ ደህና ነው፣ ወገብስ? ስለ ረጅም መንገድ ሞተር የደረሱኝ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ጎንደር ላይ ስለምይዘው ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ጥቂት ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው በዝቷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። "ዋጋው ስንት ነው?" ላላችሁኝ መልስ አልሰጥም፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ለነገ አይሆንም። የቀሩት ጥያቄዎች መልካቸው ቢለያይም የሚያጠነጥኑት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሞተሩ ይታመናል ወይ፣ ምን ያስወጣል፣ ሰውነትስ ይችለዋል ወይ።

የመስክ ሠራተኞች የሚነዷቸውን ሞተሮች ስጠግን ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ከያማሃ ዲቲ 125 ጀምሮ ያልፈታሁት የለም። እምነቴንም አስቀድሜ ልናገር። የዚህ ዓይነት ሞተር ልቡ አይከዳም፤ የሚከዳው ዳር ዳሩ ነው። ካቴናው፣ ኩሽኔታው፣ ማጣሪያው፣ ኮርቻው። አዲስ ባለሞተር ግን መጀመሪያ ብሩን የሚያፈስሰው በጌጥ መብራትና በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

"ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ማራኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራ ቪ-ስትሮም 650 ሊሸጥልኝ ነው፤ ኪሎ ሜትሩ 61,000 ይላል። ሻጩ 'ሞተሩ አንድም ቀን አልተከፈተም' እያለ ይምልልኛል። ጓደኞቼ ደግሞ 'ይሄን ያህል የሄደ ሞተር አልቆለታል' ይሉኛል። ማንን ልመን?"

ሁለቱንም አትመን። 61,000 ለዚህ ሞተር ብዙ አይደለም። ባለ 645 ሲሲ ነው፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ ተከፍተው የቆሙ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ነዳጁ በካርቡራተር ሳይሆን በኢንጀክሽን የሚገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 ቪ-ስትሮም ሆኖ ከመውጣቱ በፊት በሌላው የሱዙኪ ሞተር፣ በኤስቪ 650 ላይ ተፈትኗል። በሥርዓት ተይዞ 100,000 ኪሎ ሜትር ማለፉ ብርቅ አይደለም።

"አልተከፈተም" የሚለውን መሐላ ግን እንደ ምስጋና አትቁጠረው። በየ24,000 ኪሎ ሜትሩ የቫልቭ፣ አየርና ነዳጅ የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በር፣ ክፍተት መለካት አለበት። ማስገቢያው ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር፣ ማስወጫው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 61,000 የሄደ ሞተር እንግዲህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ መለካት ነበረበት። እየጠበበ የሚሄድ ቫልቭ ድምፅ የለውም። ጧት ማስነሳት እያስቸገረ ይመጣል፤ ጉልበቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በመጨረሻ ቫልቩ ይቃጠላል። ስለዚህ ሻጩን "ቫልቩ መቼ ተለካ? ማን ለካው?" በለው። መልስ ካጣ የመለኪያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንስ።

ለማየት የምትሄደው በጧት ይሁን፤ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅህም አስቀድመህ ንገረው። ስትደርስ ማርሚታውን ዳስስ፤ ሞቆ ካገኘኸው ሌላ ቀን ተመለስ። በብርዱ ሲነሣ ጭሱን ተመልከት፤ ቶሎ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለም፤ ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት እየበላ ነው። ቀጥሎ ቮልት መለኪያ ይዞ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይኑርህ። ሞተሩ ሳይነሣ ባትሪው ከ12.5 ቮልት በላይ፣ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ 14 አካባቢ ማሳየት አለበት። 13 ላይ ከቆመ ኃይል ማመንጫው ወይም መቆጣጠሪያው ደክሟል ማለት ነው፤ 15ን ካለፈ ባትሪውን እያፈላው ነው። ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዳር ዳሩ። በመሃል ማቆሚያው አቁመው፤ አንድ ሰው ከኋላ ይጫንልህና የፊት ጎማው አየር ላይ ይንጠልጠል። መሪውን በሁለት ጣትህ ብቻ ይዘህ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርገህ አዙረው። እንደ ቅቤ መሄድ አለበት። ልክ መሃል ላይ፣ መንኮራኩሩ ቀጥ ሲል፣ ቀጭ ብሎ ቦታ እንደያዘ ነገር ጣትህ ላይ ከተሰማህ የመሪ አንገት ኩሽኔታው ተበልቷል። የእኛ ከተማ ኮብልስቶን ይህን ኩሽኔታ አይምርም። ቀጥሎ የሹካውን የታች ጫፍ ያዝና ወደፊት ወደኋላ ነቅንቀው፤ ካንቋቋ ላልቷል። የኋላ ጎማውንም ከላይና ከታች ይዘህ እንደዚሁ አድርግ። ካቴናው የሚዞርበት የኋላ ጥርሱ ጫፍ ወደ አንድ በኩል ተጣሞ መንጠቆ ከመሰለ፣ ካቴናውን ከሁለቱ ጥርሶች ጋር አብረህ መቀየርህ አይቀርም። አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ራስህ አመሳክር። መለዋወጫ ጎንደር ላይ ሁሌ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪላክ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የዘይት ማጣሪያ፣ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ገመድ በእጅህ ይኑር። ይሄን ሁሉ አልፎ ከተገኘ ግዛው፤ ጥሩ ሞተር ነው።

"ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ነኝ። ዝናብ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሞተሩ በአንድ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ይሆናል፤ ዳገት አይወጣም። ፀሐይ ሲመታው ደህና ይሆናል። መካኒክ 'ኮይሉ ሄዷል' አለኝ። ከየት አምጥቼ ልግዛ?"

ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን ኮይል ከመግዛትህ በፊት ቀጭን ሽቦ ፈልግ። የፊተኛው ሲሊንደር የተኛው በቀጥታ ከፊት ጎማው ጀርባ ነው፤ ጎማው የሚረጨው ውሃና ጭቃ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ካንዴላው ያለበት ጉድጓድ ውሃ ሲገባበት የሚያፈስስበት ትንሽ ቀዳዳ ከሲሊንደሩ ጎን አለው። የወገራ ጭቃ ያን ቀዳዳ ከደፈነው ውሃው እዚያው ይቆማል፤ ብልጭታው ካንዴላው ጫፍ ላይ መፈጠሩ ቀርቶ በውሃው በኩል ወደ ብረቱ ያመልጣል። ፀሐይ ሲያደርቀው የሚድነው ለዚህ ነው። ኮይል የሞተ ቢሆን በፀሐይ አይነሣም ነበር።

ራዲያተሩን የያዙትን ቡሎኖች አላልተህ ወደፊት ገፋ ካደረግኸው እጅህ ይገባል። የካንዴላውን ቆብ ንቀል። ካንዴላውን ከመፍታትህ በፊት ግን ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አየር አስነፋው፤ ጠጠር ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ችግሩ ሌላ ይሆናል። ከዚያ ሽቦውን ከውጭ በቀዳዳው አስገባና ቀስ እያልክ አሽከርክረው። መጀመሪያ የደረቀ አፈር ይራገፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሻይ የመሰለ ዝገት የያዘ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ያን ስታይ ነገሩን አገኘኸው ማለት ነው። አድርቀህ፣ የቆቡን ጎማ በሲሊኮን ግሪስ ቀብተህ ግጠም። ይህ ሁሉ ተደርጎ በሚቀጥለው ዝናብ ካልተሻለው ያኔ ስለ ኮይል እናውራ።

ነገሩ እንዳይመለስ የፊት ፓራፋንጎውን አስረዝመው። የአሮጌ ከባድ መኪና ጭቃ መከላከያ ጎማ ቆርጠህ በሁለት ቡሎን መግጠም ይበቃል። ከጎማው ጋር ግን ክፍተት ተውለት፤ ከጠበበ ጭቃ ይጠቀጠቅበትና መንኮራኩሩን ይይዘዋል።

የክረምት ካቴና ነገርም እግረ መንገዴን ላንሳው፤ ማስታወሻህ ላይ "በየሳምንቱ በቤንዚን አጥበዋለሁ" ብለሃልና። ተው። በየዓይኑ ያሉት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች በውስጥ ያለውን ግሪስ የያዙ ናቸው፤ ቤንዚን ያደርቃቸዋል። በላምባና በለስላሳ ብሩሽ እጠበው፤ በጨርቅ አድርቀውና የካምቢዮ ዘይት፣ 80-90 የሚባለውን፣ በውስጥ በኩል በስሱ ቀባው። ከሌሊት በፊት ብትቀባው እስኪነጋ ይጠጣዋል። ልልነቱ በሁለቱ ጥርሶች መሃል ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጎማውን እያዞርክ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልገህ እዚያ ለካው። የላላ ካቴና ይንጫጫል፣ ትሰማዋለህ። የጠበቀው ግን ዝም ብሎ የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ኩሽኔታ ይበላል።

ሊማሊሞን የምትወርድ ሰው ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በሁለት ዓመት አንዴ ካልተቀየረ በረጅም ቁልቁለት ግሎ ይፈላና እጀታው ባዶ ይሆናል። ዶት 4 የሚለውን ግዛ፤ ጣሳው የታሸገ ይሁን። ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬኑን ለኩርባው ቆጥበው።

"ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ነው ቤታችን። ባለቤቴ ባሕር ዳር ልጆቻችን ጋ በዚሁ እርስዎ በጻፉበት ሞተር ይወስደኛል። አዲስ ዘመን ሳንደርስ ወገቤ ይያዛል፣ እየተንሸራተትኩም ጀርባው ላይ እለጠፋለሁ። 'ትለምጂዋለሽ' ይለኛል። 50 ዓመት አልፎኛል፤ ከዚህ በኋላ ምኑን ነው የምለምደው? ለሞተሩ ብረትና መብራት ሲገዛ ግን ገንዘብ አያጣም።"

እህቴ፣ እውነትዎን ነው። ሕመም አይለመድም። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው መንገዱን ስለማያየው ጉድጓዱ ሳይዘጋጅ ነው የሚያገኘው፤ ስለዚህ ምቾት ከነጂው በላይ የሚያስፈልገው እርስዎን ነው። ይህን ገጽ ለባለቤትዎ ይስጡልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ለሁለታችሁም ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምታደርገው ምንም ብር አያስወጣህም። ከኮርቻው በታች ጎን ላይ በእጅ የሚዞር ክብ መክፈቻ አለ፤ የኋላውን ሞላ የሚያጠብቀው እሱ ነው። ብቻህን ስትሄድ የነበረበት ልክ ሁለት ሰው ሲጫን አይሆንም። ሞላው ለብቻህ እንደተተወ እሷ ከተቀመጠች የኋላው እስከ ወለሉ ይወርድና እያንዳንዱ ጉድጓድ ቀጥታ አከርካሪዋ ላይ ያርፋል። የፊቱም ይቀልልና መሪው ይዋልላል፤ መብራትህም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ሁለታችሁም ስትቀመጡ ሞተሩ ብዙም ሳይሰምጥ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አጥብቀው። ስትመለስ አላላው።

ቀጥሎ ጎማ። ሁለት ሰው ሲጫን የፊቱ 2.25፣ የኋላው 2.80 ባር ነው። ጎሚስታው መለኪያው በፒኤስአይ ከሆነ 33 እና 41 በለው። የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጧት ከቤት ሳትርቅ ነው።

አሁን ኮርቻው። ፋብሪካው የሰጠው ስፖንጅ ለስላሳ ነው፤ ሱቅ በር ላይ ሲቀመጡበት ደስ ይላል፤ ሰዓት ሲያልፍ ግን ተጨፍልቆ አጥንት ከፕላስቲኩ ጋር ይገናኛል። ብዙ ሰው ሌላ ለስላሳ ስፖንጅ ይደርብበታል፤ ያ ያባብሰዋል። የሚያስፈልገው ጠጣር፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ተግ ብሎ ቀስ ብሎ የሚመለስ ስፖንጅ ነው። የመኪና ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ ጋ ሂዱ፤ እሷም አብራ ትሂድ። ልኩ በእሷ ይወሰድ እንጂ በአንተ ግምት አይሆንም። የኋላ መቀመጫው ወደፊት ያዘነበለ ከሆነ ከፊት በኩል ተሞልቶ ጠለል ይበል፤ ያኔ ጀርባህ ላይ መንሸራተቷ ይቀራል። ስፌቱ ከአጥንቷ ሥር እንዳይውል ለባለሙያው አስጠንቅቅ።

ከላዩ ደግሞ አጎዛ። ሌላ አገር ያሉ ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች የበግ ቆዳ በውድ እየገዙ ኮርቻቸው ላይ ያነጥፋሉ፤ እኛ ዘንድ በየቤቱ አለ። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጸጉሩ ክብደቱን ይበትናል፣ በመሃሉም አየር ስለሚያልፍ ላብ አይቋጠርም። በደንብ የለፋ ይሁን፤ ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይጠጥራል። ጸጉሩ በመቀስ ተስተካክሎ የሁለት ጣት ያህል ቢቀር ጥሩ ነው። ከሥሩ ላስቲክ ሰፍተህ በኮርቻው ዙሪያ እሰረው። ዝናብ ሲያስፈራራ ፈትተህ ፌስታል ውስጥ ክተተው፤ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም።

ከኋላ ሣጥን ካለህ ፊቱ ላይ ጀርባ የሚደገፍበት ትራስ አስገጥምላት። ግን ከባድ ዕቃ እዚያ አትጫን፤ ፖርቶመጋላው ከኋላ ጎማው አልፎ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሞተሩን ያወዛውዛል። ጤፉም ማሩም በጎንና በጎን፣ ዝቅ ብሎ ይጫን።

እህቴ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። በአንድ ጎን ተቀምጠው ከሆነ የሚሄዱት እባክዎ ይተዉት፤ ወገብዎ የሚጠማዘዘውም በዚያ ነው፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝም የሚይዙት የለም። ሱሪ ለብሰው፣ ሁለቱን እግር መርገጫው ላይ አድርገው ይቀመጡ፤ ነጠላዎ ጃኬት ውስጥ ይግባ። የተንጠለጠለ ነጠላ ካቴናው ውስጥ ሲገባ የሚያስከትለውን አይቻለሁ፤ ማንም እንዲያየው አልፈልግም። ጉድጓድ ሲመጣ ባለቤትዎ ጉልበትዎን በእጁ ነካ ያድርግዎ፤ ትንሽ ከመቀመጫው ብድግ ይሉለታል። ማክሰኝት ይውረዱ፣ እንፍራንዝ ይውረዱ፣ አዲስ ዘመን ሻይ ይጠጡ። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የትም አይሄድም።

ራስ ምታት እንዳለብዎም ጽፈዋል። የንፋስ መከላከያው መስታወት ንፋሱን አቅጣጫ ሲያስለውጠው ሄልሜት ላይ እየተሽከረከረ ይመታል። ሁሉም "ከፍ ያለ ግዛ" ይላል፤ ሁሌ ግን መፍትሔ አይደለም። ባለቤትዎ ቀጥ ባለና ባዶ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ እየነዳ ግራ እጁን ከመስታወቱ ጫፍ በላይ ያንሳ፤ ንፋሱ የሚረብሸው የት ላይ እንደሆነ መዳፉ ይነግረዋል። አንዳንዴ መስታወቱን አንድ ቀዳዳ ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ከሥሩ በዋሸር ወደፊት ገፋ አድርጎ አየር ማስገባት ይበቃል።

"እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ገንዳ ውሃ። ጎንደር ስወጣ ሞተሬ ደህና ነው። ቆላ ስወርድ ማራገቢያው ደጋግሞ ይነሣል። ከባለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ጉልበት አጣ። ማደያ ላይ ነዳጅ ጠፍቶ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቀድቼ ነበር። ልጄ 'የአየር ለውጥ ነው' ይለኛል።"

አባቴ፣ የአየር ለውጥ ቢሆን የተገላቢጦሽ ነበር የሚሆነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ኢንጀክሽን ያለው ነዳጁን ራሱ ስለሚመጥን አያጨስም እንጂ ጉልበቱ ይቀንሳል። እርስዎ ጋ ቆላ ሲወርድ አየሩ ወፍራም ነው፣ ጉልበቱ መመለስ ነበረበት። እዚያ ከደከመ ነገሩ ነዳጁ ነው።

ከዚያው ከገዙት የተረፈ ካለ በጠርሙስ ቀድተው ያሳድሩት። ውሃ ካለበት ከሥር ለብቻው ይቀመጣል፤ በዓይን ይታያል። ከዚያ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን በኖ ይጠፋል፣ ላምባ የተቀላቀለበት ግን የቅባት ምልክት ይተዋል። አንዱ ከተገኘ ታንኩ ይደፋ፤ ፓምፑ ወጥቶ ከሥሩ ያለው ወንፊት ይታጠብ። የእርስዎ ባለ 22 ሊትር ከሆነ ጎንደር ሞልተው ቢወርዱ እስኪመለሱ ይበቃዎታል፤ ከመንገድ ላለመግዛት ይሞክሩ። ታንኩ ሲጋመስም ይሙሉት። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ስለሆነ ጠብታው እስኪያልቅ መንዳት ይጎዳዋል።

ማራገቢያው በመነሣቱ አይስጉ፤ ሥራው ነው። የሚያሰጋው ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ነው። ጎንደር ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈላል፤ የሞተሩ ውሃ ከዚያ በላይ ግሎ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን አፍኖ ስለያዘው ነው። የክዳኑን ጎማ ይዩት፤ ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። ውሃውንም ደፍተው ግማሽ በግማሽ ከራዲያተር ፈሳሽ ጋር ይሙሉ፤ ለአሉሚኒየም የሚሆን የሚለውን። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳይነኩት። የነዳጅ ፓምፑን ሲያስወጡ ማሸጊያው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አብሮ ስለሚበላሽ አስቀድመው አዲስ ያስመጡ፤ ካልተገኘ ጻፉልኝ፣ ከዚህ በአውቶቡስ እልክልዎታለሁ።